መዝሙር ላይ የማይንተባተብ ልጅ

ጥያቄ፦ የ20 ዓመት ልጄ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ይንተባተባል። መዝሙር ሲዘምር ግን አንድም ቃል አይይዘውም። በቅርቡ በሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናትን እንዲያስተምር ተመረጠ፤ እሱም ደስ ብሎታል። አባቱ «ሲዘምር ያልያዘው ሲናገር ለምን ይይዘዋል? ሰው ፊት አታዋርደን፤ መጀመሪያ ጠበል ተጠምቀህ ዳን» ብሎ ከለከለው። ቤታችን ሰላም አጣ። ማንን ልስማ?

መልስ፦ እህቴ፣ ባለቤትዎ የጠየቁት ጥያቄ ተገቢ ነው፤ መልስም አለው። መንተባተብ የአስተዳደግ ጉድለትም የኃጢአት ቅጣትም አይደለም። አእምሮ የንግግር ጡንቻዎችን ጊዜያቸውን ጠብቆ ማዘዝ ላይ የሚገጥመው እክል ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 5 ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምራል፤ ከ100 አዋቂዎች አንዱ ገደማ አለበት። መዝሙር ላይ ዜማውና ከበሮው ጊዜውን ይጠብቁለታል፤ ቃሉም አስቀድሞ የተጠና ነው። ብቻውን ሲናገር ያ ምርኩዝ የለውም። ፍርሃት ደግሞ ያባብሰዋል እንጂ አያመጣውም።

ጠበሉን ይጠመቅ። አገልግሎቱ ግን እስኪድን መቆየት የለበትም። ሙሴ አፉ እንደሚከብደው ሲናገር (ዘፀአት 4)፣ የተሰጠው ወንድሙ አሮን ነው፤ ምላሱ ተፈታ የሚል አልተጻፈም። ጳውሎስም የሥጋው መውጊያ እንዲወገድለት ሦስት ጊዜ ለምኖ «ጸጋዬ ይበቃሃል» ተባለ። ይህን ከእኔ ይልቅ ከንስሐ አባታችሁ ቢሰሙት ባለቤትዎ ይቀበሉታል ብዬ አምናለሁ፤ ልጁ ሳይኖር ሦስታችሁ ተቀመጡና ተነጋገሩበት።

ወደ ዝግጅቱ እንሂድ። ማታ ማታ 10 ደቂቃ ከልጅዎ ጋር መዝሙረ ዳዊት በአንድ ድምፅ አንብቡ። ከሌላ ሰው ጋር እኩል ሲያነቡ መንተባተብ በጣም ይቀንሳል። ከሳምንት በኋላ እርስዎ መሐል ላይ ዝም ይበሉ፤ እሱ ይቀጥል። ከዚያ ትምህርቱን ለሁለት ጓደኞቹ ይንገር፤ ክፍል ውስጥም መጀመሪያ 5 ደቂቃ ብቻ ያስተምር፤ ቀሪውን ሌላ መምህር ይያዝለት።

ብዙ ጊዜ የሚያጠምደው ከሚይዘው ቃል መሸሽ ነው። የሚንተባተብ ሰው የሚይዘውን ቃል በሌላ ይተካል፤ ይህን ያህል ዓመት ሲያደርገው ቤተሰብም ላያውቅ ይችላል። ሲያስተምር ግን ጴጥሮስን በማን ይተካዋል? «ጴ» ላይ ከንፈሩን አጥብቆ ሲገፋ ድምፁ ይታፈናል። ከንፈሮቹን ለስለስ አድርጎ ያገናኝ፣ ቃሉን ሳይገፋ ይጀምር፣ ከሐረግ ሐረግም ይረፍ። ቢይዘው እንኳ ይንተባተብበት እንጂ ስሙን አይዝለለው።

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገሩ ይህ ይሁን፦ «ልጆች፣ እኔ ስናገር እንተባተባለሁ፤ ቃል ሲይዘኝ ትንሽ ጠብቁኝ።» መደበቅ ብዙ ጉልበት ይበላል፤ ነገሩን አስቀድሞ ሲናገር ያ ጉልበት ለትምህርቱ ይተርፋል። ልጆች ይስቁ ይሆናል፤ «ለምን?» ብለው ይጠይቃሉ፤ መልሱን ካገኙ ግን ቶሎ ይለምዱታል። ከመካከላቸው የሚንተባተብ ሕፃን ካለ፣ እንደሱ እየተናገረ የሚያስተምር ሰው ማየቱ እኔ በምክር የማልሰጠው ነገር ነው። ልጅዎ ድካሜ የሚለው ነገር እዚያ ክፍል ውስጥ ሌላ ሰው የሌለው ስጦታ ይሆናል።

ቤት ውስጥ ቃሉን አትጨርሱለት። «ተረጋጋ»፣ «ቀስ በል» የሚለውም ደግ ይመስላል እንጂ ያስጨንቀዋል። ፊቱን እያያችሁ ጠብቁት፤ እናንተው ረጋ ብላችሁ አውሩ። የንግግር ሕክምና ባለሙያ ካገኛችሁ በ20 ዓመቱም ይጠቅመዋል። ሰው መሸሽ ወይም እንቅልፍ ማጣት ከጀመረ ግን አገልግሎቱን ቀነስ አድርጎ ባለሙያ ያማክር።

የመጀመሪያ ቀን አስተምሮ ሲመለስ «ተንተባተብክ?» አይበሉት። «ልጆቹ ምን ጠየቁህ?» ይበሉትና፣ አባቱ አጠገባችሁ ተቀምጠው እስከ መጨረሻው ይስሙት።