መልስ፦ ወንድ ወጥ ሲሠራ ለምን ይሳቅበታል?

ወንድሜ፣ «ባለቤቴ አራስ ሆና ወጥ ስሠራ ጓደኞቼ ሴታሴት አሉኝ፤ ምን አጠፋሁ?» ብለሃል። ምንም! በመጀመሪያ እንኳን ማርያም ማረቻት።

የሚያስቃቸው ሥራው ራሱ አይመስለኝም። ሊጥ ማቡካት የሴት ነው ይባላል አይደል? ለቅዳሴ የሚቀርበውን ኅብስት ግን ቤተልሔም በምትባለው የቤተ ክርስቲያን ኅብስት መጋገሪያ ቤት ገብተው አቡክተው የሚጋግሩት ዲያቆናት ናቸው፤ ሴት እዚያ አትገባም። ሊጥ ነኩ ብሎ የሚስቅባቸው የለም። ጥጡንም ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል። ያው አንድ ጋቢ ነው። ሸማኔው እንዝርት ቢያነሳ ግን ጉድ ይባላል። ሆቴል ውስጥ ነጭ ኮፍያ ደፍቶ የሚያበስለውንማ «ሼፍ» እያልን እናከብረዋለን።

እስቲ ጓደኞችህን ወንድ ማለት ምን እንደሆነ ጠይቃቸው። «አያለቅስም፣ ማጀት አይገባም፣ አይሽኮረመምም» ይሉሃል። ሴት ታደርገዋለች የተባለውን ሁሉ አለማድረግ ብቻ። ጎበዝ ሴት ስናይ ደግሞ «እሷማ ወንድ ናት» እንላለን፤ ምስጋና መሆኑ ነው እንግዲህ! በ1888 ዓ.ም. መቀሌ ላይ ምሽግ ውስጥ የነበረው የጣሊያን ጦር የሚጠጣውን ውሃ ያስቆረጠው ዘዴ የእቴጌ ጣይቱ ነበር። እሳቸውንም «እንደ ወንድ» ብሎ የሚያሞግስ አይጠፋም። ሴት ሆነው ብልህ መሆናቸው አልዋጥ ያለን ይመስል።

ደግሞ ወንዶች ብቻ አይደሉም። አራስ ጠያቂ አክስቶች ሲመጡ «ውጣ ከዚህ፣ ምን ልታደርግ?» ብለው ማማሰያውን ሊቀሙህ ይችላሉ። በትህትና እንቢ በል። ጓደኞችህንም ምሳ ጥራቸውና የሠራኸውን አቅርብላቸው፤ በልተው ይሳቁ።