የቆርኪ ክፍለ ጦር

ጥያቄ ከሐዋሳ

ሰላም ጋሼ፣ ከሐዋሳ ስድስት ጓደኛሞች ነን። አምና ክረምት ትምህርት ሲዘጋ የራሳችንን የሳይንስ ልቦለድ ጌም ሰርተን ጠረጴዛ ላይ መጫወት ጀመርን፣ ሦስት ለሦስት ሆነን ለአንድ ፕላኔት የምንፋለምበት ነው። ወታደሮቹ የለስላሳ ቆርኪ ናቸው፣ ዳይሱ ከሉዶ የመጣ ነው። በትንሹ ስንጫወት፣ ማለት አምስት አምስት ወታደር ይዘን፣ በጣም ያምራል፣ ጥይት እንቆጥራለን፣ ቁስል አለ፣ እያንዳንዱ የራሱ መሳሪያ አለው። አሁን ግን ትልቅ ወረራ እናድርግ ብለን ለአንድ ሰው 20፣ ባጠቃላይ 120 ቆርኪ ደረደርንና አንዱ ዙር ብቻ ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀብን፣ አንዱ ልጅ ተራው እስኪደርስ ቤቱ ሄዶ ምሳ በልቶ መጣ። ህግ እንቀንስ ስንል ደግሞ ሁሉም የኔን አትንኩብኝ ይላል። ሌላው ጭቅጭቃችን፣ መርከብ ከህዋ ሆኖ መደብደብ ከቻለ መሬት ላይ ጦር ለምን ያስፈልጋል የሚል ነው። እስቲ ንገረን።

መልስ

ልጆች፣ እንኳን ጀመራችሁት። ቆርኪ በመጠቀማችሁ በተለይ ደስ ብሎኛል፣ ለምን እንደሆነ ቆይቼ እመለስበታለሁ።

ሁለት ሰዓት ተኩል የፈጀባችሁ ወንበራችሁ ስለተቀየረ ነው። አምስት ወታደር ስትመሩ የጋንታ መሪ ናችሁ፣ ማን ጥይት ጨረሰ ማን ቆሰለ ማን የቱ ድንጋይ ጀርባ ገባ የሚለው በሙሉ የናንተ ጉዳይ ነው፣ የጨዋታው ጣዕምም እሱ ነው። 120 ቆርኪ ስትደረድሩ ግን ጄኔራል ሆናችኋል፣ ጄኔራል ደግሞ የእያንዳንዱን ወታደር ጥይት አይቆጥርም፣ እሱን እንቅልፍ የሚነሳው የላኩት ትዕዛዝ ደረሰ ወይ፣ ቀኝ ክንፌ አሁን የት ነው፣ ተጠባባቂውን ልልቀቀው ወይስ ትንሽ ልታገስ የሚለው ነው። ስለዚ የማን ህግ ይውጣ ብላችሁ ከምትጨቃጨቁ በእያንዳንዱ ህግ ላይ አንድ ነገር ጠይቁ፣ ይሄን ጄኔራሉ ነው ወይ የሚወስነው? እሱ ካልሆነ ከትልቁ ጨዋታ ይውጣ፣ ለትንሹ ይቀመጥ፣ እዛ ቦታው ነው።

አንድ ቆርኪ አንድ ሻለቃ፣ ማለት በመቶዎች የሚቆጠር ወታደር ያለው ጦር፣ ይሁን። ካርታው ላይ አንዱ ባለ ስድስት ጎን ቤት አንድ ኪሎሜትር፣ አንድ ዙር ግማሽ ሰዓት። እግረኛ በሰዓት አራት ኪሎሜትር ገደማ ስለሚሄድ በዙር ሁለት ቤት ይሄዳል፣ በተሽከርካሪ ያለው ውጊያ ባለበት መሬት ላይ አምስት ቤት ይበቃዋል። ይሄን ሳትወስኑ ምንም የመሳሪያ ህግ እንዳትፅፉ፣ ሌላው ሁሉ ከዚህ ነው የሚወጣው።

ዳይሱን በተመለከተ፣ 40 ዳይስ በግማሽ ዕድል ብትወረውሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚመታው ከ17 እስከ 23 ባለው ውስጥ ነው የሚወድቀው፣ ስለዚ ያን ሁሉ ወርውራችሁ የምታገኙት ቀድማችሁ የምታውቁትን ነው። የሁለቱን ወገን ጉልበት ደምሩና አወዳድሩ፣ ከዛ አንድ ዳይስ ብቻ። እኩል ለእኩል ከሆነ አጥቂው በ5 እና በ6 ይሳካለት፣ ሁለት ለአንድ ከሆነ ከ4 ጀምሮ፣ ሦስት ለአንድ ከሆነ ከ3 ጀምሮ። 1 ከወጣ ግን ምንም ያህል ቢበዛ አጥቂው ራሱ ይደነግጣል። ሦስት ለአንድ የሚለው ከወታደሮች የተወሰደ ልማድ ነው፣ በተዘጋጀ ተከላካይ ላይ ስትሄድ ሦስት እጥፍ ሁን ይባላል።

አሁን ወደ ቆርኪው። ቆርኪ ሆድና ጀርባ አለው አይደል፣ ሆዱን ወደ ላይ አድርጋችሁ አስቀምጡትና ውስጡ በማርከር ቁጥር ፃፉበት። ለእያንዳንዱ አዛዥ በዙር 6 ፍሬ ሽምብራ ስጡት፣ አንድ ሽምብራ አንድ ትዕዛዝ ነው፣ ቆርኪው ሆድ ውስጥ ሽምብራ የገባለት ሻለቃ ይንቀሳቀሳል ወይ ያጠቃል፣ ያልገባለት ባለበት ቆሞ የመጣበትን ብቻ ይመክታል። ሻለቃው ሲደነግጥ ቆርኪውን ትገለብጡታላችሁ፣ የተገለበጠ ቆርኪ ደግሞ ሽምብራ አይዝም፣ ስለዚ ትዕዛዝ አይቀበልም ማለት ነው፣ ሌላ ህግ መፃፍ አላስፈለጋችሁም። አንድ ዙር ሙሉ ጠላት ሳይጠጋው ከቆየ ይቃናል፣ ተገልብጦ እያለ ደግሞ ከተመታ ተበትኗል፣ ከጠረጴዛው ይነሳል። ቁስል መቁጠር፣ ወረቀት ላይ መሰረዝ የለም። በእውነተኛ ጦርነትም አብዛኛው ጦር ሞቶ ከማለቁ በፊት ነው የሚፈርሰው።

ይሄን ከመንገሬ በፊት እሁድ ዕለት ከእህቴ ልጆች ጋር ሞክሬዋለሁ፣ በ60 ቆርኪ፣ እኔ ዳኛ ሆኜ። መጀመሪያ 10 ሽምብራ ሰጠኋቸው፣ ማንም አላመነታም፣ ሁሉም እየዘራ ሄደ። ወደ 6 ስቀንሰው ቤቱ ዝም አለ። የ12 ዓመቷ ልጅ የመጨረሻዋን ሽምብራ በሁለት ጣቷ ይዛ አንዴ ድልድዩን አንዴ ግራ ክንፏን እያየች ቆየች፣ በኋላ ድልድዩን መረጠች፣ ግራ ክንፏ ላይ ሰባት ቆርኪ ሦስት ዙር ሙሉ ተገትሮ ዋለ። ይሄ ነው የምፈልገው። ስድስት ዙር በሁለት ሰዓት ከሩብ ጨረስን።

አንድ ቤት ውስጥ ከሦስት ቆርኪ በላይ አይግባ። ላንቸስተር የሚባል እንግሊዛዊ ኢንጂነር በ1916 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ስሌት፣ ሁሉም እያነጣጠረ መተኮስ ከቻለ ቁጥርህ በእጥፍ ሲያድግ ጉልበትህ አራት እጥፍ ይሆናል። 10 እኩያ የሆኑ 5 ላይ ቢዘምቱ አምስቱ ሲያልቁ ከአስሩ ወደ 9 የሚጠጋ ይተርፋል። ገደብ ካላበጃችሁ ሁሉም ጦሩን አንድ ቦታ ያጭቀዋል፣ ጨዋታውም እዛው ያልቃል። ጠባብ መሬት የሚጠቅመው ለዚህ ነው፣ ካርታችሁንም ከሩቅ አትፈልጉ፣ ሐዋሳ ናችሁ፣ ታቦር ላይ ወጥታችሁ ቁልቁል እዩ፣ በአንድ በኩል ሐይቅ፣ በሌላው የጨለለቃ ረግረግ፣ በመሀል ጥቁር ውሃና ድልድዩ። ስሙን ቀይራችሁ ፕላኔታችሁ ላይ አስቀምጡት። ቤቶቹን ለመሳል ነጥብ ብቻ ይበቃል፣ ከነጥብ ነጥብ 7 ሳንቲሜትር፣ ከመስመር መስመር 6፣ ሁለተኛው መስመር ሦስት ተኩል ወደ ጎን ይሸሽ። 7 ሳንቲሜትር ላይ ሦስት ቆርኪ ልክክ ብሎ ይገባል፣ አራተኛው ቦታ ያጣል።

ሦስት ለሦስት መሆናችሁ ደግሞ የታደለ ነገር ነው፣ አንዱ ፊታውራሪ አንዱ ቀኝ አዝማች አንዱ ግራ አዝማች ይሁን፣ የድሮው ጦራችን ክፍፍል ለዚህ የተሰራ ነው የሚመስለው። ጠረጴዛ ላይ እርስ በርስ ማውራት የለም፣ መልዕክት በብጣሽ ወረቀት ይፃፍ፣ ለዳኛው ይሰጥ፣ በሚቀጥለው ዙር ይድረስ። ራይስቪትስ የሚባለው የፕሩሲያ መኮንን በ1824 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የጦር ጨዋታም ተጫዋቾች ትዕዛዛቸውን ለዳኛ ነበር የሚሰጡት፣ የጠላትንም ጦር የሚያዩት ዳኛው ሲያሳያቸው ብቻ ነው። ሰባተኛ ጓደኛ ፈልጉ።

ያለ ዳኛ ምን እንደሚቀርባችሁ ዓድዋን አስቡት። የካቲት 22 ለ23 ሌሊት፣ 1888፣ የጣልያን ጦር በሦስት ረድፍ በጨለማ ሲጓዝ ካርታቸው ላይ ኪዳነ ምሕረት የሚለው ስም የተሳሳተ ኮረብታ ላይ ነበር የተፃፈው፣ መንገድ መሪዎቹ የአንዱን ረድፍ አዛዥ ጄኔራል አልበርቶኔን ወደ እውነተኛው ወሰዱት፣ ከሌሎቹ ኪሎሜትሮች ርቆ ብቻውን ተገኘ፣ ንጋት ላይ ጦራችን መጀመሪያ እሱ ላይ ወረደ፣ ሌሎቹም በየተራ። ሁሉም ተጫዋች ሁሉን ከላይ በሚያይበት ጨዋታ ይሄ በፍፁም አይፈጠርም። ስለዚ በሌሊት ዙር የተንቀሳቀሰ ሻለቃ ሁሉ ዳኛው በድብቅ ዳይስ ይወርውርለት፣ 1 ከወጣ አንድ ቤት ተሳስቶ ይቀመጥ፣ ባለቤቱም ጠላት እስኪያገኘው አይወቅ።

አጀማመሩን ከሰንጠረዥ፣ ከሀገራችን ቼዝ፣ ውሰዱ። በሀገራችን ሰንጠረዥ መጀመሪያ ላይ ወረራ አለ፣ አንዱ የሌላውን ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ የለም፣ ሁለቱም እንደፈለጉ ያንቀሳቅሳሉ። እናንተም የመጀመሪያው ተኩስ እስኪሰማ ያለ ተራ ሁላችሁም በአንዴ ሰራዊታችሁን አሰልፉ፣ ግማሹ ሰዓታችሁ ጦሩን ፊት ለፊት በማምጣት ነው የሚባክነው።

የመርከቡ ጭቅጭቅ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ የጠየቀውን ልጅ አትቆጡት። ፕላኔታችሁ መሬትን ካከለ 400 ኪሎሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ መርከብ ዙሪያውን በ90 ደቂቃ አካባቢ ይጨርሳል፣ አንድ ቦታ አናት ላይ የሚቆየው ግን ጥቂት ደቂቃ ነው። የናንተ ዙር ግማሽ ሰዓት ስለሆነ መርከቡ ቢበዛ በሦስት ዙር አንዴ ነው የሚደርስላችሁ። አንድ ቦታ ላይ ቆሞ እንዲታይ ከፈለጋችሁ ደግሞ ከመሬት ወገብ በላይ ወደ 36 ሺህ ኪሎሜትር መውጣት አለበት፣ ከዛ ርቀት ሻለቃ ለይቶ መምታት ሌላ ነገር ነው። ሁለቱም ወገን መርከቡ የሚመጣበትን ዙር ያውቃል፣ አንዱ ጥቃቱን ለሱ ያዘጋጃል፣ ሌላው በዛ ዙር ዛፍ ስር ገብቶ ዝም ይላል።

ከዛ በላይ ደግሞ የመጣችሁበትን ነገር ከላይ ደብድባችሁ ብታጠፉት ምን ልትይዙ ነው? በመቀሌ ምሽግ ጊዜ፣ ጥር 1888፣ በጥቃት መስበሩ ሲያስቸግር በእቴጌ ጣይቱ ዘዴ የውሃ ምንጩ ተያዘ፣ ምሽጉም ሳይፈርስ እጅ ሰጠ። ካርታችሁ ላይ ሦስት የውሃ ቤት አድርጉ፣ አሸናፊው የገደለ ሳይሆን ምንጩን ሳያበላሽ የያዘ ይሁን፣ ያኔ እግረኛ ለምን እንደሚያስፈልግ ጨዋታው ራሱ ይነግራችኋል።

ጥያቄ ከአዳማ

ጋሼ፣ እኔ የማዘጋጀው ጌም ላይ ድሮን፣ ሮቦትና ሌዘር አለ፣ ለሁሉም የተለየ ህግ ፅፌ ደብተሩ ሞላ። ምን ላድርግ?

መልስ

እህቴ፣ ለሐዋሳዎቹ የነገርኳቸውን ሽምብራና ቆርኪ ያዢና እያንዳንዱ አዲስ መሳሪያ በዛ ላይ ምን ይቀይራል ብለሽ ብቻ ጠይቂ። የድሮን መንጋ አይደነግጥም፣ ስለዚ አይገለበጥም፣ ሲመታ በቀጥታ ይነሳል፣ ሲግናሉ የታፈነ ዙር ላይ ደግሞ ሽምብራ አይቀበልም። በቃ፣ ሁለት መስመር ነው። ምንም የማይቀይር መሳሪያ ካለ ስሙን ብቻ ተይለት።

ለሌዘር አንድ ህግ ጨምሪ፣ የሚመታው ቀጥታ ያየውን ነው፣ አቧራ ደግሞ ጨረሩን ይበትነዋል። የአዳማ ንፋስ አቧራውን ሲያስነሳ መንገዱ ማዶ ያለው ሱቅ እንዴት እንደሚጠፋ አንቺ ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ተሽከርካሪ ያለፈበት ቤት ለዛ ዙር አቧራ ይልበስ፣ ሌዘር አያልፈውም፣ ምልክቱ አንድ ቁንጥር ጥጥ ይሁን፣ ዙሩ ሲያልቅ ታነሺዋለሽ። ያኔ ታንክ ያለው ተጫዋች እግረኛውን ለመሸፈን ብሎ ብቻ ታንኩን ከፊት ሲነዳ ታያለሽ።