ፒክ ስል አንዱን ትእዛዝ ብቻ ያሳየኛል

ጥያቄ፦ የምሠራው መድኃኒት አከፋፋይ ድርጅት ውስጥ ነው። የፋርማሲዎች ትእዛዝ በማይክሮሶፍት ኤምኤስኤምኪው (ፕሮግራሞች መልእክት የሚቀባበሉበት) ወረፋ ይገባል። ምንም ሳላወጣ ሁሉንም ለማየት በሲ ሻርፕ ሉፕ ውስጥ ፒክ እጠራለሁ። ግን የመጀመሪያውን ትእዛዝ ብቻ ደጋግሞ ያመጣብኛል። ምን ይሻላል? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ እህቴ፣ ፒክ ምንም አላጠፋም። ሥራው ከፊት ያለውን ማሳየት ነው። አንቺ ደግሞ አላወጣሽውም፤ ስለዚህ መቶ ጊዜ ብትጠሪውም ያው እሱ ነው። የሚያስፈልግሽ ከርሰር ነው። የታክሲ ተራ አስከባሪ ማንንም ሳያሳፍር ሰልፉን እያየ ወደ ኋላ እንደሚሄደው ማለት ነው።

በክሪኤትከርሰር አንድ ፍጠሪ። ከዚያ ለፒክ ሦስት ነገር ስጪው፦ የመጠበቂያ ጊዜ፣ ከርሰሩንና ፒክአክሽን (የቱን መልእክት እንደሚያሳይ የሚነግረውን)። ለመጀመሪያው መልእክት ከረንት፣ ከዚያ በኋላ ሁሌ ኔክስት። ገና ከጅምሩ ኔክስት ካልሽው ኤክሴፕሽን (የስህተት መልስ) ይወረውርብሻል።

ጊዜውን ታይምስፓን ዜሮ አድርጊው። ካልሰጠሽው ወረፋው መጨረሻ ላይ አዲስ መልእክት እስኪመጣ ተገትሮ ይቀራል። ሲያልቅ አይኦታይምአውት የሚል ኮድ ይመጣል፤ አትደንግጪ፣ "አለቀ" ማለቱ ነው። እሱን ብቻ ያዢና ከሉፑ ውጪ። ሌላ ኮድ ከሆነ ግን ዝም ብለሽ እንዳታልፊው! ሜሴጅኦልሬዲሪሲቭድ ከመጣ፣ ከርሰሩ የቆመበትን መልእክት ሌላ ፕሮግራም ወስዶታል።

አሁን ለአንቺ ሥራ ዋናው ነገር። የመልእክት ቅድሚያ ከ0 እስከ 7 ነው፤ ካልነካሽው 3 ይሆናል። ከርሰርሽ መሃል ላይ ሳለ አስቸኳይ የኢንሱሊን ትእዛዝ በ7 ቢገባ ከፊት ይሰለፋል። አንቺ አልፈሽዋል፤ በዚያ ከርሰር አታይውም። ስለዚህ ስክሪኑን ባደስሽ ቁጥር አዲስ ከርሰር ፍጠሪ፣ አሮጌውን ክሎዝ አድርጊ። ወረፋው ትራንዛክሽናል (መልእክቶችን "ወይ ሁሉም ወይ ምንም" ብሎ የሚያስተናግድ) ከሆነ ግን ቅድሚያ የሚባል ነገር አይሠራም፣ ይህ ጣጣ የለብሽም።

አንዱን መርጠሽ ማውጣት ስትፈልጊ መታወቂያውን ይዘሽ ሪሲቭባይአይዲ በዪ። ሌላ ሰው ቀድሞሽ ከወሰደው ኤክሴፕሽን ስለሚመጣ ለዚያም ተዘጋጂ።

መልእክቶቹ ጥቂት ከሆኑ በእኔ በኩል ከርሰር ውስጥም አልገባም፤ ጌትኦልሜሴጅስ የዚያን ሰዓቱን ሁሉ ገልብጦ ይሰጥሻል። ደግሞ አለቆችሽ ወደ ዶትኔት ኮር እንሻገር ካሉ ቀድመሽ ንገሪያቸው፦ እነዚህ ሁሉ ትእዛዞች ያሉበት ሲስተም ዶት ሜሴጂንግ እዚያ የለም።