ተዝካሩን በብድር ላድርግ?

ጥያቄ፦ የደሴ ነዋሪ ነኝ። ባለቤቴ ካረፈ ዓመት ሊሞላው ነው። እሱን ለማሳከም መጀመሪያ ጎረቤቴ የሆኑ ሙስሊም እናት ያለ ወለድ አበደሩኝ። አልበቃ ሲለኝ በስልክ ከሚሰጠው ብድር ወሰድኩ፤ በመጨረሻም ከአንድ ሰው በወር ከመቶ አሥር ተበደርኩ፤ መያዣ ያደረግሁት ፈርሜ የሰጠሁት፣ የገንዘቡ መጠን ያልተጻፈበት ቼክ ነው። ያለችኝ አንዲት ሻይ ቤት ናት። የባለቤቴ ዘመዶች ግን «ሙት ዓመቱ ያለ በሬ አይሆንም» ይላሉ። ተበድሬ ልደግስ? አሥራትስ ባቋርጥ ኃጢአት ይሆንብኛል? ከኀፍረት የተነሣ ቅዳሴ መሄድም ትቻለሁ።

መልስ፦ እኅታችን፣ እግዚአብሔር የባለቤትሽን ነፍስ ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ ጋር ያሳርፍልን፤ አንቺንም ያጽናሽ። ዕዳ ከቅዳሴ አያስቀርም፤ የፊታችን እሑድ ነጠላሽን አጣፍተሽ ሂጂ። የታመመ ባልን ለማሳከም መበደር የሚያሳፍር ሥራ አይደለም። በ2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 4 የተጻፈላት መበለት ባሏ ዕዳ ትቶባት ሞተ፤ አበዳሪው ሁለት ልጆቿን ባሪያ ሊያደርጋቸው መጣ። እሷ ግን አልተደበቀችም፤ ወደ ኤልሳዕ ጮኸች። ዘይቱ በተአምር ከበዛላት በኋላ ነቢዩ ያዘዛት ሸጣ ዕዳዋን እንድትከፍል፣ በተረፈውም ከልጆቿ ጋር እንድትኖር ነው።

ስለ ተዝካሩ አጥብቄ እናገራለሁ፦ ተበድረሽ አትደግሺ። ለሟች የሚጠቅመው ጸሎቱ፣ ቅዳሴውና ምጽዋቱ ነው። የክርስትና ስሙን ለካህናቱ ስጪ፤ እንደ አቅምሽ ጧፍና ዕጣን አግቢ፤ ጥቂት ዳቦ ጋግረሽ በደጀ ሰላሙ ለተቀመጡት ነዳያን አካፍዪ። ሙት ዓመቱ በዚህ ሙሉ ነው። በሬው የሕያዋን ይሉኝታ ነው። ሲራክም በምዕራፍ 18 ኪሱ ባዶ ሆኖ በብድር የሚደግስ ሰው ራሱን እንደሚያደኸይ ያስጠነቅቃል። በወሎ እንግዳን ሳያበሉ መሸኘት ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ ይህን ባህላችንን እወደዋለሁም። ነገር ግን ለተዝካር ሲል መሬቱን በወለድ አግድ ሰጥቶ፣ በገዛ ማሳው ላይ ሌላው ሲያመርት ቆሞ የሚያይ ገበሬም አለ። ሟቹ ይህን ይወዳልን? ለዘመዶቹ ብቻሽን መልስ ለመስጠት አትሞክሪ፤ የነፍስ አባትሽንና ከቅሬው (ከዕድሩ) ሽማግሌዎች አንዱን ጠርተሽ በእነሱ አፍ ይነገራቸው።

ወደ ዕዳሽ ስንመጣ፣ የሚያስፈራው ቼኩ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በሰውና በሰው መካከል የሚደረግ ብድር ወለዱ በዓመት ከመቶ 12 እንዳይበልጥ ይከለክላል። ይህ ሰው ለዓመት የተፈቀደውን ያህል በአንድ ወር ሊወስድብሽ ምንም አልቀረውም። አራጣ በወንጀልም ያስጠይቃል። ቤተ ክርስቲያንም አራጣን ታወግዛለች፤ ዳዊት በመዝሙር 14 በእግዚአብሔር ድንኳን የሚያድረው ገንዘቡን በአራጣ የማያበድር ነው ይላል። አንቺ ግን መብት አለኝ ብለሽ ዝም አትበዪ፤ ስንቅ የሌለው፣ ማለትም በሒሳብሽ በቂ ገንዘብ የሌለበት ቼክ ባንክ ከቀረበ የምትከሰሺው አንቺ ነሽ። እስካሁን የከፈልሽውን በቀን በቀኑ ጽፈሽ፣ ሽማግሌና ሕግ የሚያውቅ ሰው ይዘሽ ሂጂ፤ ዋናውን ገንዘብ በሕጋዊ ወለድ ከፋፍለሽ እንድትከፍዪና ቼኩ እንዲመለስልሽ ጠይቂ። ሰውየው ክርስቲያን ከሆነ ነህምያ ምዕራፍ 5 ይነበብለት፤ በራብ ዘመን የድሆችን እርሻ በመያዣ የያዙ ሰዎች እርሻውንም ወለዱንም እንዲመልሱ የተገደዱበት ነው።

በስልክ የወሰድሽውን ለመዝጋት ከሌላ ስልክ ወይም ከሌላ ባንክ አትበደሪ። ቀኑ ባለፈ ቁጥር ቅጣት ይጨመርበታል፤ ስለዚህ መጠኑ ትንሽ ቢሆንም ቶሎ ዝጊው።

ጎረቤትሽን ግን አደራ። ዝም ማለታቸውን እንደ ምሕረት አትቁጠሪው። በእምነታቸው ወለድ አይወስዱም፤ የብሩ ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ዕቃው ምን ያህል እንደተወደደ በሻይ ቤትሽ ስኳር ታውቂዋለሽ። ያበደሩሽ ብር ዛሬ ያኔ የገዛውን አይገዛም፤ ስለዚህ ያለ ወለድ የሰጡሽ እሳቸው በየወሩ እየከሰሩልሽ ነው። ብዙዎቻችን የሚጮኸውን እየከፈልን የሚታገሠውን እንረሳለን፤ ይህ በደል ነው። ዛሬ ማታ ቤታቸው ሄደሽ «እማማ፣ አልረሳሁትም፤ በየወሩ ይህን ያህል አመጣለሁ» በያቸው፤ ያልሽውን ቀንም አታሳልፊ።

አሥራት የሚወጣው ከምርትና ከገቢ ነው፤ ብድር ገቢ አይደለምና ከተበደርሽው አይወጣም። ከሻይ ቤቱ ወጪ ተቀንሶ ትርፍ ሲገኝ ስንት እንደምታወጪ ከነፍስ አባትሽ ጋር ተመካከሪ፤ ዕዳሽን ሳትደብቂ ንገሪያቸው። ትርፍ በሌለበት ወር ግን ማንም አይጠይቅሽም።