ዳኛዋ የሄይቲ ፕሬዚዳንት

ጥያቄ፦ በቅርቡ ከባሕር ዳር በጀልባ ወደ ደቅ ደሴት ተሻግረን ናርጋ ሥላሴን በተሳለምንበት ጊዜ፣ ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ በልጃቸውና በልጅ ልጃቸው ዘመን አገር ያስተዳድሩ እንደነበር ተነገረን። በመልስ ጉዟችን ከመካከላችን አንዱ፣ በሄይቲም አንዲት ዳኛ በጊዜያዊነት ፕሬዚዳንት ሆነው እንደነበርና በዓለም ላይ ርእሰ ብሔር የሆኑ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት እርሳቸው እንደሆኑ አወጋን። እኒህ ሴት ማን ናቸው? የተባለውስ እውነት ነው?
አንባቢ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ባልደረባዎ ያነሷቸው ሴት ኤርታ ፓስካል ትሩዮ ናቸው። በዓለም የመጀመሪያዋ መባላቸው ግን አይጸናም፤ እርሳቸው ከመወለዳቸው በፊት፣ እ.ኤ.አ. ከ1916 እስከ 1930፣ በእኛው አገር ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ በዙፋን ላይ ነበሩና። ኤርታ የሄይቲ የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ናቸው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1943 ከዋና ከተማዋ ከፖርቶፕሬንስ በላይ ባለችው በፔቲዮንቪል ተወለዱ፤ አባታቸው ብረት ሠራተኛ፣ እናታቸው ልብስ ሰፊ ነበሩ። በ1971 በሕግ ተመረቁ። በዚያን ጊዜ የሄይቲ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከፈረንሳዩ የናፖሊዮን ሕግ በወረሰው ሥርዓት ያገባችን ሴት አካለ መጠን እንዳላደረሰች ቆጥሮ በባሏ ሥልጣን ሥር ያኖራት ነበር፤ ይህም የተሻረው ገና በ1982 በወጣ ድንጋጌ ነው። የጠበቃውና የታሪክ ጸሐፊው የኤርንስት ትሩዮ ባለቤት የነበሩት ኤርታ ስለ ሄይቲ ሴቶች ሕጋዊ አቋም ሲመራመሩና ሲጽፉ፣ ጉዳዩ የራሳቸውም ጉዳይ ነበር። በ1986 የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የመጀመሪያዋ ሴት ዳኛ ሆኑ።

ወደ ቤተ መንግሥት የወሰዳቸው የፖለቲካ ፓርቲ አልነበረም። በማርች 1990 የአገሪቱ ወታደራዊ ገዥ ጄኔራል ፕሮስፔር አቭሪል በሕዝብ ተቃውሞ ሥልጣን ሲለቁ፣ ተቃዋሚዎች ከጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኞች መካከል በእርሳቸው ተስማሙ፤ ማርች 13 ቀንም ቃለ መሐላ ፈጸሙ። ሥልጣናቸውን ከአንድ የመንግሥት ምክር ቤት ጋር እንዲጋሩ ስለተደረገ፣ ከምክር ቤቱ ጋር የነበራቸው ግንኙነት ሰላማዊ አልነበረም። ዋናው አደራቸው ምርጫ ማካሄድ ነበር። በኖቬምበር 1987 የተሞከረው ምርጫ መራጮች በድምፅ መስጫ ጣቢያ ተገድለው የተቋረጠ መሆኑን ላስታወሰ ሰው፣ አደራው ቀላል አልነበረም። በዲሴምበር 16 ቀን 1990 የተባበሩት መንግሥታት ታዛቢዎች በተገኙበት ምርጫው ተካሂዶ ቄሱ ዣን ቤርትራን አሪስቲድ በከፍተኛ ብልጫ አሸነፉ። በእኛ ግምት፣ ስማቸው ሊጠራ የሚገባው በመጀመሪያነታቸው ሳይሆን በዚህ ሥራቸው ነው።

ሦስት ሳምንት ያህል እንዳለፈ፣ ሄይቲን እስከ 1986 በአምባገነንነት በገዛው በዱቫልዬ ቤተሰብ አገዛዝ ሚኒስትር የነበረው ሮዤ ላፎንታን ቤተ መንግሥቱን ያዘ፤ ኤርታንም አግቶ ሥልጣን መልቀቃቸውን በቴሌቪዥን እንዲናገሩ አስገደዳቸው። ሕዝቡ ወደ አደባባይ ወጣ፤ ጦሩም በማግሥቱ ጃንዋሪ 7 ቀን ሙከራውን አከሸፈው። ፌብሩዋሪ 7 ቀን 1991 ሥልጣኑን ለተመራጩ አስረከቡ። የሚያሳዝነው፣ በኤፕሪል በዚያው መፈንቅለ መንግሥት ተባባሪነት ተጠርጥረው መታሰራቸው ነው፤ ብዙም ሳይቆዩ ተፈቱ።

ከእርሳቸው በኋላ ክሎዴት ዌርሌይ በ1995፣ ሚሼል ፒየር ሉዊ በ2008 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነዋል። ሚርላንድ ማኒጋ በ2011 ለፕሬዚዳንትነት እስከ ሁለተኛው ዙር ደርሰው በሚሼል ማርቴሊ ተሸንፈዋል።