ለጣት ስሕተት ቦታ ተዉለት

ልጆቼ፣

ኮዱን ከእኔ ዘመን ሰው በተሻለ ታውቁታላችሁ። እኔ የማጫውታችሁ በምትሠሩት የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ ላይ በጣት ስለሚጫነው ቁልፍ ነው፤ መሣሪያው ተሠርቶ ካለቀ በኋላ የሚታሰበው እሱ ነውና።

አንድ ጊዜ የመድኃኒት ሰዓት የሚያስታውስ ትንሽ መሣሪያ ሠራሁ። ቁልፉ እንዳይበዛ ብዬ ለመካከለኛው ሁለት ሥራ ደረብኩለት፦ ነካ ሲያደርጉት ደወሉን ዝም ያሰኛል፣ ሁለት ሰከንድ ሲይዙት የተሞላውን ሰዓት በሙሉ ያጠፋል። እኔ ስሞክረው እንከን አልነበረውም። ከዚያ አንዲት እናት ሲጠቀሙበት አጠገባቸው ተቀምጬ አየሁ። ደወሉ ጮኸ፤ አውራ ጣታቸውን ቁልፉ ላይ አሳረፉ። ኮዱ የሚሠራው ጣት ሲነሣ ስለነበር ደወሉ ቀጠለ። ያልሰማቸው መስሏቸው ጠበቅ አድርገው ያዙት። ሁለት ሰከንድ ሞላ፤ ሰዓቱ ሁሉ ጠፋ። ቀና ብለው «ምን አበላሸሁ ልጄ?» አሉኝ። ያበላሸሁት እኔ ነበርኩ። ዛሬም ያ ጥያቄ ያመኛል።

ስለዚህ መልሱ ቁልፉ እንደተጫነ ይምጣ። መብራት ብልጭ ይበል ወይም ጢጥ የምትል ድምፅ ትሰማ። በ100 ሚሊሰከንድ፣ ማለት በሰከንድ አንድ አሥረኛ ውስጥ የመጣ መልስ ለሰው ወዲያው የመጣ ያህል ነው፤ ከዚያ በጣም ከዘገየ ግን ሰው ይጠራጠራል፣ ደግሞም ይጫናል።

የቁልፉ ብረቶች ሲገናኙ ለጥቂት ሚሊሰከንድ እንደሚነጥሩ አትርሱ። ካላጣራችሁት አንዱ መጫን ሦስት አራት ሆኖ ይቆጠራል። እኔ የመጀመሪያውን ንክኪ ተቀብዬ ቀጣዩን 30 ሚሊሰከንድ አልሰማም፤ ሽቦው ረጅም ከሆነ ወይም አጠገቡ ሞተር ካለ ግን ንክኪው ጥቂት እስኪረጋ መጠበቅ ይሻላል። ቁልፉ የተገናኘበትን የማይክሮኮንትሮለሩን (ኮዱን የሚያስኬደውን ቺፕ) ፒን፣ ማለት እግሩንም፣ ቁልፉ ሳይጫን ተንጠልጥሎ አትተዉት፤ ከአንድ ቋሚ ቮልቴጅ ጋር የሚያስረው 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ይበቃዋል።

የሚያጠፋን ሥራ በየቀኑ ከሚነካ ቁልፍ ላይ አትደርቡ። ሌላ ቁልፍ ከሌላችሁ ሦስት ሰከንድ ይያዝ፣ ስክሪኑም 3፣ 2፣ 1 እያለ ይቁጠር፤ ሰውየው ጣቱን ካነሣ ምንም እንዳልተፈጠረ ይቆጠር። ከጠፋም በኋላ የቀድሞውን መመለሻ መንገድ ይኑር። ሰዓት መሙላት ጀምሮ ትቶት ለሄደ ሰውም ከ30 ሰከንድ በኋላ መሣሪያው ወደ ቀድሞው ሰዓት ይመለስለት እንጂ የተጋመሰውን አይያዝበት።

መጨመሪያ ያለበት ቦታ መቀነሻም ይኑር። በ24 ሰዓት አቆጣጠር መጨመሪያ ብቻ ባለው መሣሪያ 7ን ፈልጎ 8 ላይ የደረሰ ሰው ለመመለስ 23 ጊዜ መጫን አለበት። ይህን ያህል የሚያስቀጣ ምን ጥፋት ሠራ? ቁልፉ ሲያዝ ቁጥሩ በራሱ ይሂድ ካላችሁም ከመጀመሪያው ንክኪ በኋላ ግማሽ ሰከንድ ያህል ታግሣችሁ አስጀምሩት፤ ቀስ ብሎ የሚጫን ጣት አለና።

ሠርታችሁ ስትጨርሱ መሣሪያውን አይቶት ለማያውቅ ሰው ስጡት፤ አጠገቡ ተቀምጣችሁ አፋችሁንም እጃችሁንም ሰብስቡ። ማስረዳት ያምራችኋል፤ እዚያ ላይ ቻሉት። የተሳሳተበትን ቦታ ብቻ ጻፉ።

እኔም አስተካክዬ ለእኒያ እናት መልሼ ወሰድኩላቸው። ደወሉ ሲጮህ ያንኑ ቁልፍ እንደ ልማዳቸው ተጫኑት። ጣታቸው ገና ሳይነሣ ዝም አለ፤ እሳቸውም መሣሪያውን ትተው ወደ ውኃው ብርጭቆ ዞሩ።