ዲዛይኑና የታተመው ናሙና ለምን አልገጥም አሉ? ሁለት ምስሎችን በኮድ ስለማወዳደር

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህ እንደገባኝ ከሆነ፣ ደንበኛው ያጸደቀው የመድኃኒት ካርቶን ዲዛይን በፒዲኤፍ አለህ። ከማተሚያ ቤት የመጣውን ናሙና ደግሞ በስልክ አንስተኸዋል። ሁለቱን በፓይዘን፣ ኦፕን ሲቪ በሚባለው የምስል ማቀናበሪያ ቤተ መጻሕፍት አብስዲፍ (የሁለት ምስሎችን ልዩነት በየፒክስሉ በሚያወጣ ትእዛዝ) ስትቀናንሳቸው ገጹ ሁሉ ልዩነት ሆኖ ወጣብህ። እኔም ይህንኑ ሥራ ለማተሚያ ቤቶች ስሠራ ቆይቻለሁ። በተግባር ያየሁትን ልንገርህ።

አብስዲፍ ምንም አላጠፋም። ምስሎቹ ስላልገጠሙ ነው። ናሙናው ሁለት ፒክስል እንኳ ፈቀቅ ካለ የእያንዳንዱ ፊደል ጠርዝ ልዩነት ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ጉልበትህን ማጋጠሙ ላይ አውለው።

ከሁሉ በፊት ስልኩን ተወውና ስካነር ተጠቀም። የስልክ ፎቶ ብርሃኑ ወጥ አይደለም፣ ሌንሱም ዳር ዳር ላይ መስመር ያጎብጣል። በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ፒክስል) ስካን አድርግ፤ ዲዛይኑንም ከፒዲኤፉ በዚያው 600 አውጣው። 1 ሚሊሜትር ወደ 24 ፒክስል ይሆንልሃል። ሁለቱንም በፒኤንጂ አስቀምጥ፤ ጄፔግ በፊደል ዙሪያ ብናኝ ይረጫል።

ቀጥሎ ሁለቱንም ወደ ግራጫ ቀይርና ጎልተው የሚለዩ ነጥቦችን ፈልግ። ብዙ ሰው ፈጣን ስለሆነ ኦርብ በተባለው ነጥብ ፈላጊ ስልት ይጀምራል። እኔ ለጽሑፍ ሌላውን ስልት፣ ሲፍትን እመርጣለሁ። ድሮ የፓተንት ጣጣ ነበረበት፤ በ2020 አብቅቶ ከስሪት 4.4 ጀምሮ ዋናው ኦፕን ሲቪ ውስጥ ገብቷል። ኦርብን ካልተውክ ግን መነሻው 500 ነጥብ ብቻ ስለሆነ ወደ 5000 ከፍ አድርገው።

ጽሑፍ አስቸጋሪ የሚሆነው ስለሚደጋገም ነው። ገጹ ላይ ያሉት «ን»ዎች ሁሉ አንድ መልክ ናቸው። ኮዱ የመጀመሪያውን መስመር «ን» ከአሥረኛው መስመር «ን» ጋር ቢያጣምር አይገርምም። መፍትሔው የሎው የሬሾ ፈተና ነው። ለእያንዳንዱ ነጥብ ሁለት ምርጥ ተዛማጆች ታወጣለህ። የአንደኛው ርቀት ከሁለተኛው 0.75 እጥፍ በታች ካልሆነ ትጥለዋለህ። ሾልከው የሚያልፉትን ስህተቶች ራንሳክ (ከብዙኃኑ ጥንዶች ጋር የማይስማማውን የሚጥል ስልት) ያጣራቸዋል።

እዚህ ጋ አንድ ምርጫ አለ። ፎቶ ከሆነ የካሜራውን ዝንባሌ ጭምር የሚያስተካክለው ፋይንድ ሆሞግራፊ ያስፈልግሃል። ስካን ከሆነ ግን ዝንባሌን የማይጨምረው ቀለል ያለው ኢስቲሜት አፋይን ቱዲ ይበቃል። ስካነር ላይ የተኛ ወረቀት ሊዞር ወይም ትንሽ ሊሳብ ይችላል እንጂ አያዘነብልም። የማያስፈልግ ነፃነት ከሰጠኸው ነጥብ በሌለበት ጥግ ገጹን ያጣምመዋል። ዲዛይኑን መሠረት አድርገህ ናሙናውን ወደ እሱ አምጣው። ለዋርፕ (ምስሉን ወደ ቦታው ለሚያመጣው ትእዛዝ) የምትሰጠው የምስል መጠን ስፋትን እንደሚያስቀድም አስታውስ፤ የምስሉን መጠን የሚነግርህ ሼፕ ከፍታን ነው የሚያስቀድመው።

አሁን ከማወዳደርህ በፊት በዓይንህ እይ። ዲዛይኑን በቀዩ ቻናል፣ የተጋጠመውን ናሙና በአረንጓዴውና በሰማያዊው አስገብተህ አንድ ምስል ሥራ። የገጠመው ሁሉ ግራጫና ጥቁር ይሆናል። ዲዛይኑ ላይ ኖሮ ሳይታተም የቀረ ነገር ውሃ ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል፤ በትርፍ የታተመ ቀለም ቀይ ይሆናል። ፊደሎች ሁሉ በአንድ ጎን ቀይ፣ በሌላው ውሃ ሰማያዊ ጠርዝ ካላቸው ገና አልገጠመም። ያኔ ፋይንድ ትራንስፎርም ኢሲሲን ጨምርበት። ከተቀራረበ ቦታ ተነስቶ ከአንድ ፒክስል በታች ያለውን መዛነፍ ያስተካክላል። የብርሃንና የንጽጽር ልዩነትም ብዙ አይረብሸውም።

ማወዳደሩ ላይ ብዙዎች ምስሉን ያደበዝዛሉ፣ ወይም የሁለት ምስሎችን መመሳሰል የሚለካው ኤስኤስአይኤም የሚሰጠውን አንድ ቁጥር ያምናሉ። በመድኃኒት ካርቶን ላይ ይህን አታድርግ። ቁጥሩ የገጹ ሁሉ አማካይ ነው። «2.5 ሚ.ግ.» ውስጥ ያለችው ነጥብ ብትጠፋ ንቅንቅ አይልም። በ6 ፖይንት ጽሑፍ ያቺ ነጥብ በ600 ዲፒአይ አምስት ፒክስል ገደማ ብትሰፋ ነው። «ቡ»ን ከ«በ» የምትለየው ጭረትም እንዲሁ ጥቂት ፒክስል ናት። ስታደበዝዝ መጀመሪያ የሚጠፉት እነዚህ ናቸው። እናት ለልጇ አሥር እጥፍ መድኃኒት የምትሰጠው በዚህች ነጥብ መጥፋት ነው።

የምሠራበት መንገድ ይኸው። ሁለቱንም በአዳፕቲቭ ትሬሾልድ (ጥቁርና ነጩን በየአካባቢው ብርሃን በሚለይ ትእዛዝ) ጥቁርና ነጭ አድርግ፤ ቀለሙ ነጭ፣ ወረቀቱ ጥቁር ይሁን። የናሙናውን ቀለም በዳይሌት፣ በ3 በ3 ከርነል (የፒክስል ሳጥን) በአንድ ፒክስል አወፍረው። ከዲዛይኑ ቀለም ውስጥ በዚህ ያልተሸፈነው ሁሉ «የጎደለ» ነው። ቀጥሎ አገላብጠህ ዲዛይኑን አወፍር፤ ከናሙናው ያልተሸፈነው «የተረፈ» ነው። የአንድ ፒክስል መዛነፍ እንዲህ ይታለፋል፤ ነጥቧ ግን አታልፍም። ብናኙን በስፋቱ ስታጣራ ገደቡን ከዲዛይኑ ትንሿ ነጥብ በታች አድርገው።

ወረቀት እርጥበት ሲስብ ስለሚለጠጥ፣ መሃሉ ገጥሞ ዳሩ ሊስት ይችላል። ያኔ ገጹን በየብሎኩ ከፋፍለህ እያንዳንዱን ለየብቻ አጋጥም፤ ከጥቂት ፒክስል በላይ እንዳይንቀሳቀስ ግን ገድበው። ባዶ ብሎኮችን ዝለላቸው።

አንዱን ናሙና በ600 ስካን አድርገህ የቀይና ውሃ ሰማያዊውን ምስል እዚህ ለጥፈው። ከዚያ የትኛው ደረጃ ላይ እንደተዛነፈ አብረን እናየዋለን።